ጉዝጓዝ ላይ የምትሸናው ቡችላ፦ ከደብረ ማርቆስ አንድ ቤት የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንዲት ሴት ቡችላ ነው። ከጎዛምን ገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ ከተማ የመጣችው በሐምሌ አጋማሽ፣ ዕድሜዋ ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆን ነው። ስሟን ቡቺ አሏት። ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ያመጧት ታማ አልነበረም። የቤቱ እመቤት ገና ከመቀመጣቸው «ወይ መላ ስጡን፣ ወይ ወደመጣችበት እንመልሳት» አሉ። ቤት ውስጥ ትሸናለች። ደጅ ሲያወጧት ዝም ብላ ትቆማለች፤ መልሰው ሲያስገቧት ወዲያው ትለቀዋለች። ከሁሉም ይልቅ ያስቆጣቸው ግን ሌላ ነው፤ ለቡና ቄጤማ ሲጎዘጎዝ ጠብቃ የምትመጣ ይመስል ጉዝጓዙ ላይ ትሸናለች።

ይህን የምጽፈው በቤተሰቡ ፈቃድ ነው፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ትቻለሁ። ቤት አበላሸ ተብሎ በከረጢት ተቋጥሮ ከከተማ ዳር የሚጣል ቡችላ በሥራዬ አጋጥሞኛል፤ ያንን ማየት ይከብደኛል። «አመሏ ነው፣ አትመለስም» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ አመል አይደለም። የቡቺ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል፤ በተለይ የጉዝጓዙ ነገር።

ቤቱና ሰዎቹ

ቤቱ ሳሎንና ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ ማድ ቤቱ ከጓሮ ለብቻው ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሲሆን ሳሎኑ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። የሚኖሩበት የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት እናት፣ የእሳቸው እናት፣ ሰባተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅና ባጃጅ የሚነዳ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ቡችላ ያስፈለጋቸው ሸለምጥማጥ ዶሮዎቻቸውን እየጨረሰባቸው ስለነበረ ነው። ስታድግ ግቢ እንድትጠብቅ እንጂ ቤት ውስጥ እንድትኖር አላሰቡም። ግን ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ነው። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው የክረምት ብርድ ሁለት ወር ያልሞላውን ቡችላ ሌሊት ደጅ የሚያሳድር አይደለም፤ ጅቡም አለ። ስለዚህ ጠንከር እስክትል ማደሪያዋ ቤት ሆነ።

አያትየው ይህን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። ሳሎኑ ጥግ የእመቤታችን ሥዕልና የዳዊት መጽሐፋቸው አለ፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቆመው ይጸልያሉ። «ልጄ፣ ውሻ ቦታው ደጅ ነው። ሥዕሉ ፊት ሽንት እያየሁ እንዴት ዳዊት ልድገም?» አሉኝ በኋላ ቤታቸው ስሄድ። ይህን ስጋት እንደ ግትርነት የሚያይ ባለሙያ ተሳስቷል እላለሁ። ቤቱ የእሳቸውም ነው፤ መፍትሔው እሳቸውን የሚያስገድድ ቢሆን አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

መጀመሪያ አካሏ

ቡችላ ቤት ውስጥ ሸናች ሲባል ስለ ማስለመድ ከማውራት በፊት ሕመም አለመኖሩ መታየት አለበት። በተለይ ሴት ቡችላ ላይ የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን አለ። ምልክቱ ቶሎ ቶሎ ጠብታ ጠብታ መሽናት፣ ማማጥ፣ ሽንቱ ውስጥ ደም መታየት ነው። ቡቺ ይህ አልነበረባትም፤ በአንድ ጊዜ የምትለቀው በቂ ነው፣ ቀለሙም ደህና ነው። ሙቀቷም የቡችላ ጤናማ ሙቀት ነበር።

ሆዷ ግን ተነፍቷል፣ ሰገራዋም ቀጭን ነው። ምን እንደምትበላ ስጠይቅ የላም ወተትና ከገበታ የተረፈ በወጥ የተፈተፈተ እንጀራ መሆኑ ታወቀ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቧል። ከእናቷ ወተት የተለየች ቡችላ የላም ወተት አብዝታ ስትጠጣ ብዙ ጊዜ ትቀዝናለች። የወጡ ጨው ውኃ ያስጠማታል፣ ብዙ የጠጣ ደግሞ ብዙ ይሸናል። ከዚህ የባሰው ሽንኩርቱ ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። የሆድ ትል መድኃኒት ሰጠኋት፤ ቡችሎች ትሉን ከእናታቸው ማሕፀንና ወተት ይዘውት ስለሚመጡ መድኃኒቱ ይደጋገማል። ምግቧም ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሩዝ ወይም ቅንጬ፣ ከትንሽ ሥጋ ወይም ከተቀቀለ እንቁላል ጋር እንዲሆን ተስማማን። የምትበላውም በተወሰነ ሰዓት ነው፤ ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ አይቀመጥም። በሰዓቱ የበላ በሰዓቱ ይወጣል። ውኃ ግን ቀን ቀን አይከለከልም፤ ሽንት ለመቀነስ ብሎ ቡችላን ማስጠማት ጉዳት ነው።

የልጅቷ ደብተር

ልጅቷ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበረች። ከምንም በፊት አንድ ደብተር እንድትይዝ ጠየቅኋት፤ ቡቺ መቼ በላች፣ መቼ ነቃች፣ የት ሸናች፣ የሸናችበት ቦታ ምን የተነጠፈበት ነው፣ ከመሽናቷ በፊትስ ምን ታደርግ ነበር። እንዳትቆጣት፣ ምንም እንዳታርማትም፣ ዝም ብላ እንድትጽፍ ብቻ ነገርኳት። የዚህችን ልጅ ጥንቃቄ ሳላመሰግን አላልፍም፤ ሰዓቱን በደቂቃ ጽፋ ነው የመጣችው።

ደብተሩ ሲነበብ መጀመሪያ የወጣው ሰዓቱ ነው። ሽንቷ በዘፈቀደ አልነበረም። ከእንቅልፍ ስትነቃ ወዲያው፤ ከበላች በኋላ ብዙ ሳይቆይ፤ ሮጣ ተጫውታ ስታበቃ ወይም በጨዋታው መካከል። ይህ የማንኛውም ቡችላ ጠባይ ነው። ጨጓራ ምግብ ሲገባበት ትልቁን አንጀት ስለሚቀሰቅሰው ቡችላ ከበላ ከአምስት እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ሰገራ ይመጣበታል። ሽንት የመያዝ አቅሙም ትንሽ ነው፤ በግምት በየወር ዕድሜው አንድ ሰዓት ይጨመራል ተብሎ ይታሰባል። የሁለት ወር ቡችላ ነቅቶ እየተጫወተ ሁለት ሰዓት ከቆየ ብዙ ነው። ፊኛውን በደንብ መቆጣጠር የሚጀምረው ከሦስትና ከአራት ወር ወዲህ ነው። ስለዚህ «አውቃ ነው የምታደርገው» የሚለው ክስ በሁለት ወር ቡችላ ላይ አይቆምም።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው፤ ጉዳዩን የፈታውም ይኸው ነው። ባዶው ሲሚንቶ ላይ ሸናች የሚል ደብተሩ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ምንጣፉ ላይ፣ በር ላይ እግር መጥረጊያ በተነጠፈው ከረጢት ላይ፣ ወለል ላይ በወደቀው የልጅቷ ሹራብ ላይ፣ ቄጤማ በተጎዘጎዘ ቀን ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታ ቄጤማው ላይ።

ቡቺ የት እንደተወለደች ልጅቷን ጠየቅኋት። ከበረት ጀርባ፣ የጤፍ ጭድ ክምር ሥር ነው አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡችላ ሲወለድ በራሱ መሽናት እንኳ አይችልም፤ እናቱ እየላሰች ታስሸናዋለች፣ ትጠርግለታለች። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከተኛበት ወጣ እያለ መሽናት ይጀምራል። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ሲደርስ ደግሞ እግሩ ሥር የሚሰማው ነገር የመሽኛ ምልክት ሆኖ ይተከልበታል። በሣር ላይ ያደገ ሣር ይፈልጋል፣ በሲሚንቶ ያደገ ሲሚንቶ። ቡቺ ከቤተሰቡ ጋር የተገናኘችው ልክ በዚህ ዕድሜ ነው። እግሯ የሚያውቀው ጭድና ሣር ነው። እና አያትየው እጣን አጭሰው፣ ረከቦት ዘርግተው፣ እርጥብ ቄጤማ ሲጎዘጉዙ ለቡቺ የተከፈተላት መጸዳጃዋ ነበር። ድፍረትም ንቀትም የለበትም፤ እንዲያውም ትክክለኛውን ቦታ ፈልጋ ማግኘቷ ነው።

ይህን ለቤተሰቡ ስገልጽ አያትየው ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያስ ጉዝጓዙን ወደ እሷ እንውሰድላት» አሉ። ከዚያ ወዲያ የተሠራው ሥራ መሠረቱ ይህ የእሳቸው ሐሳብ ነው።

ቦታው

ከማድ ቤቱ ጎን የቆርቆሮው ጣሪያ ወጣ ያለበት፣ ዝናብ በቀጥታ የማያገኘው ጠባብ ቦታ አለ። የቡና ጉዝጓዝ ሲጠረግ ወደ ቆሻሻ ሳይሆን እዚያ እንዲፈስ ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቷ ቡቺ የሸናችበትን ቄጤማ ጭብጥ አድርጋ በጓንት እዚያው ጨመረችበት፤ ሽታው ቦታውን ያሳውቃታል። ሳሎኑ ውስጥ በአንጻሩ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ተነሣ፣ ከረጢቱም እንዲሁ። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ቡቺ አስቀድማ ደጅ ወጥታ ሸንታ ትገባና ከልጅቷ ወገብ ጋር በአጭር ገመድ ታስራ ትቀመጣለች። ወይም አያትየው እንደመረጡት በረንዳ ላይ ትቆያለች።

በዝናብ ቀን ደጅ ወጥታ የማትሸናበትም ምክንያት የተገኘው እዚሁ ነው። ድሮ የሚያወጧት ግቢው መካከል ጭቃ ላይ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ትፈራለች፣ ጭቃው እግሯን ይበርዳታል፣ የምታውቀው ሣርም የለም። የሚያወጣት ሰው ደግሞ ራሱ እንዳይበሰብስ ቶሎ ይመልሳታል። ፊኛዋ ሞልቶ ወደ ምንጣፉ ትመለሳለች። ጣሪያው ሥር ያለው ቦታ ሲዘጋጅ በዝናብም መሽናት ጀመረች፤ ጎርፍ የሚያህል ዝናብ ሲሆን ግን እስኪያባራ መጠበቅ ነበረባት።

ሰገራዋ ወዲያው በአካፋ ተነሥቶ እንዲቀበር አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ። የውሻ ወስፋት እንቁላል ከሰገራው ጋር ወጥቶ አፈር ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲቆይ ነው ሰውን የሚይዝ የሚሆነው። ቶሎ ከተነሣ አደጋው ይቀንሳል። በተለይ ሕፃናት አፈር የሚጫወቱበት ግቢ ላይ ይህ ቸል አይባልም።

ምልክቶቹን ማንበብ

ቦታው ብቻውን አይበቃም፤ በሰዓቱ መድረስ አለባት። ቡቺ ከመሽናቷ በፊት ምን እንደምታደርግ ልጅቷ ጽፋ ስለነበረ ምልክቶቹን ከደብተሩ አወጣናቸው፤ እኔ ከመጽሐፍ ከምነግራቸው ይልቅ እነሱ ራሳቸው ያዩት ነው የጠቀማቸው።

ቡቺ ስትጫወት በድንገት ታቆማለች። አሻንጉሊቷ የሆነችውን አሮጌ ካልሲ ትጥላለች፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ወለሉን ማሽተት ትጀምራለች። የምግብ ሽታ ስትፈልግ አፍንጫዋ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፣ ጅራቷም ይወዛወዛል። ሽንት ሲመጣባት ግን አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰች ነው የምታሸተው፤ ጅራቷ ቀጥ ይላል፣ ጨዋታ ብትጠራት አትሰማም። ቀጥሎ ትዞራለች፤ ክቡ እየጠበበ ሲሄድ የቀረው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ሰገራ ሲሆን ዙረቱ ይረዝማል፣ ጀርባዋም ትንሽ ይጎብጣል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳታሸት ሰው ከሌለበት ክፍል ትገባለች። ከዓይን መራቋ ራሱ ምልክት ነበር። እናትየዋ ይህን ሲሰሙ «ለካ ከሶፋው ኋላ የምትሄደው ለዚህ ነው» አሉ።

ለብዙ ባለቤቶች የሚያመልጣቸው የመጀመሪያው ምልክት ነው፣ ጨዋታ ማቋረጧ። ማጎንበሷን አይቶ የሚነሣ ሰው ዘግይቷል። ጸጥ ስትል ነው መነሣት። በዚያን ጊዜ ጩኸት አያስፈልግም፤ ብድግ አድርጎ ወደ ቦታዋ መውሰድ ነው። ሽንት ጀምራም ከሆነ ሳይቆጡ አንሥቶ መውሰድ ይሻላል፤ ሲያነሷት አብዛኛውን ጊዜ ታቋርጠዋለች፣ ደጅ ትጨርሰዋለች።

ከምልክቱ በላይ ደግሞ ሰዓቱ ነው። ስትነቃ፣ ስትበላ፣ ስትጫወት ምልክት ሳይጠበቅ ትወጣለች። ልጅቷ ቦታው ላይ ካደረሰቻት በኋላ ፊት ለፊቷ ሳይሆን ጎን ለጎን ትቆምና ሕፃን ሲያስሸኑ እንደሚባለው «ሽሽሽ» ትላለች። ድምፁ ከመሽናቷ ጋር አብሮ ሲደጋገም በኋላ ራሱ ያስታውሳታል። ስትጨርስ፣ ገና ከመቀመጫዋ ስትነሣ፣ እዚያው ላይ ምስጋናና ቁራሽ ነገር። ሽልማቱ ቤት ከገቡ በኋላ ቢሰጥ ለመግባቷ የተሰጠ ይመስላታል፤ ቡችላ የሚያገናኘው ሰከንድ ውስጥ የተከታተለውን ነው። ፍልሰታ ስለገባ በቤቱ ሥጋ አልነበረም። ልጅቷም ትጾም ስለነበር ቁራሿ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ነበረች፤ ቡቺ ምንም ቅር አላላትም። የቡቺ እንቁላል ለብቻው በተለየ ጣሳ ይቀቀል ነበር፤ አያትየው ድስታቸው እንዳይነካ እንጂ እንስሳ ይጹም አላሉም።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ሸንታ እንደጨረሰች ወዲያው አትገባም። ሽንት ስትጨርስ ጨዋታ የሚያልቅባት ከሆነ ሽንቷን መያዝ ትማራለች። ስለዚህ ትንሽ ዞር ዞር ብላ፣ ዶሮዎቹን አይታ ነው የምትገባው።

ወንድምየው

ቡቺ ክሊኒክ ከመምጣቷ በፊት ወንድምየው በመጥረጊያ መትቷት፣ አፍንጫዋንም ሽንቱ ላይ አሽቷት ነበር። በክፋት አይደለም፤ ውሻ እንዲህ ነው የሚገራው ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። ግን ያስተማራት ሌላ ትምህርት ነው። ሽንት ከሸናች ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ የሚመጣ ዱላ ከመሽናቷ ጋር አይገናኝላትም። የሚገናኝላት ሽንት ባለበት ሰው ሲመጣ አደጋ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሰው ፊት መሽናትን ፈራች። ደጅ ሲያወጧት አጠገቧ ቆመው ሲያፈጡባት ትይዘዋለች፣ ቤት ስትገባ ከሶፋ ኋላ ትደበቅና ትለቀዋለች። «ጥፋቷን አውቃ ትሸማቀቃለች» የሚሉትም ፊት ጸጸት አይደለም፤ የሰውየውን ቁጣ ፊቱ ላይ አንብባ መፍራቷ ነው።

በእሱ ላይ ሌላ ጉዳይም ነበር። ማታ ባጃጁን አቁሞ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቡቺ ጆሮዋን ወደኋላ አድርጋ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ እዚያው ላይ ሽንት ያመልጣታል። ይህ ከማስለመድ ጋር ግንኙነት የለውም። ቡችላ በፍርሃት ወይም በደስታ ብዛት ለታላቁ ሲገዛ የሚያመልጠው ሽንት ነው፤ ቢቆጧት ይብስባታል። ለወንድምየው የነገርኩት ሲገባ ዝም ብሎ እንዲያልፋት፣ ዓይኗን ሳያይ ጎኑን ሰጥቶ እንዲቀመጥ፣ ራሷ ስትመጣ ከአናቷ ሳይሆን ከአገጯ ሥር እንዲያሻሻት ነው። መጀመሪያ ሐሳቡን አልተቀበለውም። «ለውሻ ልሽቆጠቆጥ?» አለ። እህቱ ናት ያሳመነችው፤ አንድ ማታ እንዳልኩት ሲያደርግ ቡቺ ሽንት ሳያመልጣት ወደ እሱ መምጣቷን አሳየችው።

ሽታውን ማጥፋት

እናትየዋ ወለሉን በበረኪና ነበር የሚያጸዱት፤ ቡቺ ግን እየተመለሰች እዚያው ትሸናለች። ያልተቀባ ሲሚንቶ ሽንትን ይመጥጣል፤ የሰው አፍንጫ የማይሰማው ሽታ ለውሻ ጎልቶ ይሰማል። በረኪና ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል፤ በተዘጋ ክፍል አደገኛ ነው። ሽንቱን መጀመሪያ በጨርቅ መምጠጥ፣ በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ እኩል ውኃና አቼቶ ቀላቅሎ ማፍሰስ፣ ማድረቅ። ምንጣፉ ግን በነሐሴ ፀሐይ ስለማይደርቅ ታጥቦ እስከ መስከረም ተጠቅልሎ እንዲቆይ አደረጉ። የሰው አፍንጫ ሽታው የጠፋ ሲመስለው ቀን ሁለት ቀን ደጋግሞ ማጠቡ ነው የሚጠቅመው።

ሌሊቱ

ማታ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ውኃዋ ይነሣል፣ አራት ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ትወጣለች። ማደሪያዋ እናትየዋ አልጋ አጠገብ ያለ ካርቶን ሆነ፤ ዞራ መተኛት እንድትችል ያህል ብቻ ሰፊ። ቡችላ የሚተኛበትን ማርጠብ ስለማይወድ ስትነቃ ትነጫነጫለች። ካርቶኑ ሰፊ ከሆነ ግን አንዱን ጥግ ማደሪያ፣ ሌላውን መሽኛ ታደርገዋለች። ችግሩ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማን ግቢ ይወጣል የሚለው ነበር። ጅቡ አጥር ድረስ ይመጣል፤ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚባለው በዚህ ሰፈር ተረት ብቻ አይደለም፣ አጥሩ በእውነት ቀዳዳ ነበረው። ስለዚህ በረንዳው ላይ ጠርዙ ዝቅ ያለ አሮጌ ሳፋ ተቀመጠና አፈርና ቄጤማ ተሞላበት። ሌሊት እዚያ ትሸናለች፣ ሳይጫወቱባት፣ ብዙ ሳያወሯት ትመለሳለች። ሦስት ወር ሲሞላት ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረች፤ ሳፋውም ተነሣ። አጥሩም ተደፈነ።

ቡሄ፣ እንቁጣጣሽ፣ ትምህርት

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። የቡሄ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ ቡቺ አልጋ ሥር ገብታ እዚያው ሸናች፤ ሁለት ቀንም በራሷ ደጅ ለመውጣት እምቢ አለች። ድንጋጤ ነው እንጂ የተማረችው አልጠፋም። ጅራፉ እስኪያልፍ ልጅቷ አቅፋ አወጣቻት፣ ነገሩም ተመለሰ።

የከበደው ፈተና እንቁጣጣሽ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም በዚያ ሰሞን ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ፤ ቤቱም ሳር ሳር ይሸታል፣ ጉዝጓዙም እንደ አዘቦቱ አይደለም፣ ከበር እስከ ጓዳ ነው። አያትየው ደውለው «ዘንድሮ ሳልጎዘጉዝ ልዋል?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲጎዘጉዙ፣ ግን ቡቺ አስቀድማ ደጅ ሸንታ፣ ቀኑን ሙሉ ከልጅቷ ጋር በገመድ ሆና እንድትውልና በየሰዓቱ እንድትወጣ ነገርኳቸው። ጠዋት አንዴ ቄጤማውን አሽትታ መዞር ጀመረች። ልጅቷ ቀድማ አነሣቻት፣ ከቤት ውጭ ባለው ሣሯ ላይ ጨረሰች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቀን ቤት ውስጥ አልሸናችም። ለእኔ የጉዳዩ መታጠፊያ ይህ ነው፤ ሣሩ ሁለት ቦታ እያለ የደጁን መረጠች።

ትምህርት ሲከፈት ግን ነገሩ ተናጋ። ልጅቷ የጠዋት ፈረቃ ሆነች፣ እናት ቢሮ፣ አያትየው ቅዳሴ የሚውሉበት ቀን አለ። ቡቺ አራት ወር ገደማ ሆኗት ስለነበረ አራት ሰዓት ያህል ልትይዝ ትችላለች፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ግን ከዚያ ይረዝማል። በመጀመሪያው ሳምንት ሳሎኑ ውስጥ ደጋግማ ሸናች፤ እናትየዋም ሁሉም ነገር የፈረሰ መሰላቸው። የፈረሰ ነገር አልነበረም፤ በር የሚከፍትላት ሰው ጠፍቶ ነው። እዚህ ላይ የደረሰላቸው ወንድምየው ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ባጃጁን በሰፈሩ በኩል እያዞረ ገብቶ ያወጣታል። ዝናቡም ስላባራ ብዙ ሰዓት ግቢ ውስጥ መዋል ጀመረች። ከግቢ ውጭ ግን ክትባቷ ሳይሟላ እንዳትወጣ አልኳቸው። ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ አፈር ላይ ወራት ይቆያል፣ ቡችላንም በቀናት ውስጥ ይገድላል። የእብድ ውሻ ክትባቷንም በሦስት ወሯ ወስዳለች።

አሁን ያለችበት

ኅዳር ሲገባ ቡቺ በሩ ጋ ሄዳ ትቆማለች፤ ካልተከፈተላት በፊተኛ እግሯ ትቧጥጣለች። አያትየው ያንን ድምፅ ይሰማሉ፣ ዳዊታቸውን አቋርጠው ሳይቀር ይከፍቱላታል። ማታ ማታ በረንዳ ላይ በተሠራላት የእንጨት ቤት ማደር ጀምራለች። ወንድምየው እንግዳ ይዞ ድንገት ሲገባ ብቻ አሁንም አንዳንዴ ሽንት ያመልጣታል፤ ያም እያደገች ስትሄድ ይተዋታል ብዬ እገምታለሁ።

ለቤተሰቡ አስቀድሜ የነገርኳቸው ቀጣዩን ነው። ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመቷ ባለው ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች። በዚያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ታደርጋለች፣ ደምም ታያለች። ትምህርቷን ረሳች ብለው እንዳይቆጧት፣ መውጫዋን እንዲያበዙላት፣ ግቢው በደንብ እንዲዘጋ ነግሬያቸዋለሁ። እንድትመክን ከፈለጉም ከዚያ በፊት እንዲወስኑ አሳስቤያቸዋለሁ፤ እናትየዋ ከልጆቹ ጋር ተመካክረው እስከ ጥምቀት እንደሚያሳውቁኝ ነግረውኛል።